ፎከስ አልይዝ ሲል፣ ባትሪ ሲያልቅ

ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ፎቶ ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ ባለቤቱን «ካሜራህ ምን ያስቸግርሃል?» ብትሉት፣ ከሁለት መልሶች አንዱን የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። አንደኛው «ባትሪው ቶሎ ያልቃል»፣ ሁለተኛው «ፎከስ አልይዝ አለ» ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የሚነግራችሁም አይጠፋም።

ሁለቱም ቅሬታዎች ግን ከካሜራ ዕድሜ ጋር ሲተያዩ የትናንት ልጆች ናቸው። ካሜራ ኢትዮጵያ ምድር ላይ ከረገጠ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል። ከዚያ ውስጥ አብዛኛውን ዘመን የሚያልቅ ባትሪ አልነበረውም። ፎከስ ማጥራትም የሰውየው እንጂ የካሜራው ሥራ አልነበረም።

እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም፤ ምህንድስና ተምሬ ኮድ ጽፌ የምኖር ሰው ነኝ። በእኛ ሙያ አንድ ሲስተም ሲበላሽ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምኑ ተበላሸ?» ብቻ አይደለም። «ከመቼ ጀምሮ? ያኔ ምን ተቀየረ?» ብለን ወደ ኋላ እንቆጥራለን። ይሄን ጽሑፍም የማስኬደው በዚሁ መንገድ ነው። እነዚህ ሁለት ችግሮች ወደ ካሜራ የገቡበትን ቀን ካገኘን፣ ዛሬ ኮልፌ ውስጥ የሚያስቸግረውን ካሜራ መመርመርም ይቀለናል።

የልዑሉ ፎቶ

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶ አንሺዎች ይዞ ነበር። ዋና ሥራቸው ካርታና ንድፍ በፎቶ እያባዙ ለመኮንኖች ማደል ቢሆንም ሰውና አገርም አንስተዋል። የዚያ ዘመን ፎቶ የሚቀረጸው ኬሚካል በተቀባ መስታወት ላይ ነው። ሣጥን፣ ሌንስ፣ መስታወት፣ ኬሚካልና ብርሃን፣ በቃ። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለበትም።

አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ዕድሜው 7 ዓመት ነበር። በዚያው ክረምት ዋይት በምትባለው ደሴት ላይ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ሴት ፎቶ አነሳችው። ልጁን ያመጣው ካፒቴን ስፒዲም አብሮት የተነሳባቸው ፎቶዎች አሉ።

ይቺ ሴት ለኛ ርእስ ቁልፍ ናት። የመጀመሪያ ካሜራዋን ከልጇ በስጦታ ያገኘችው በ48 ዓመቷ ነው። በጊዜዋ የነበሩ ፎቶ አንሺዎች ደግሞ አንድ ነገር እያነሱ ይወቅሷት ነበር፤ ፎቶዎችሽ አይጠሩም፣ ፎከስ የላቸውም ይሏት ነበር። እሷ ግን ሌንሱን እያዞረች ምስሉ ዓይኗን ሲሞላው እዚያው ታቆማለች። ከዚያ በላይ ለማጥራት አትጨነቅም። ልክ የሆነው ፎከስ የቱ እንደሆነ የሚወስነው ማነው ብላም ተሟግታለች።

የዓለማየሁን ፎቶ በስልኬ አስፍቼ ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። አባቱንም እናቱንም በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ያጣ ልጅ ነው፤ ፊቱ ላይ ያለው ሐዘን ማብራሪያ አይፈልግም። በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ ሞተ፤ የተቀበረውም ዊንዘር ቤተ መንግሥት ነው። ቤተሰቦቹ አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠይቀው የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2023 እንደማይሆን አስታውቋል። ስለዚህ ለኛ የቀረን የልጅነት መልኩ ነው፤ እሱም አንዲት ሴት «ይበቃል፣ እዚህ ጋ ቆንጆ ነው» ብላ በወሰነችው ፎከስ ልክ። ያኔ ፎከስ ውሳኔ ነበር፤ ወሳኟም ሰው ነበረች።

ጥቁር ጨርቅ ሥር

ወደ አዲስ አበባ ስንመጣ የፎቶ ታሪክ ያለ ቦያጂያን ቤተሰብ አይነገርም። ቤድሮስ ቦያጂያን የተባለው አርመናዊ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር። ከእሱ በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ሥራውን ተረክበው እስከ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ። ዛሬ በመጻሕፍትና በግድግዳ ላይ የምናያቸው ብዙዎቹ የነገሥታትና የመኳንንት ምስሎች የዚህ ቤተሰብ እጅ ናቸው።

የኤሌክትሪክ መብራት ወደ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የገባው በ1890 ዓ.ም. አካባቢ በጄኔሬተር ነው። ለካሜራ ግን ያ ምንም አልነበረም። የስቱዲዮ ፎቶ አንሺ ከትልቁ ሣጥን ኋላ ቆሞ ራሱን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍናል፤ ሸካራ መስታወት ላይ የተገለበጠውን ምስል ያያል፤ ሌንሱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋ ዓይን እስኪጠራ ይጠብቃል። ከዚያ «እንዳትነቃነቁ!» ይላል። ፎከሱ ከተሳተ የሚጠየቀው እሱ ብቻ ነው። «ካሜራው ነው» የሚባል ሰበብ ገና አልተፈጠረም።

የእናቴ ወንድም ኮልፌ ውስጥ ለረጅም ዓመታት ፎቶ ቤት ነበራቸው። ዛሬም ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ያነሳሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። መደርደሪያቸው ላይ አንድ የሶቪየት ዜኒት ካሜራ ተቀምጧል፤ ዜኒት ኢ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ የተመረተው ዓይነት። ግንባሩ ላይ የማር እንጀራ የመሰለ ትንሽ መስኮት አለው። ከውስጡ ያለው ሴሌኒየም የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበት ራሱ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫልና የብርሃን መለኪያዋን መርፌ ያንቀሳቅሳል። ባትሪ የለውም። ባዶ ሆኖ እንኳን መዝጊያው ሲጫኑት «ጧ!» ይላል። ጋሼ አንዳንዴ ያነሱትና፣ «ይሄ ቻርጀር ጠይቆኝ አያውቅም» ይላሉ።

ባትሪው በየት በኩል ገባ

ወደ ኋላ ቆጠራችን እዚህ ጋ ፍሬ ያፈራል። ባትሪ ወደ ካሜራ የገባው በአንድ ጊዜ አይደለም፤ እንደ እንግዳ በሩን አንኳኩቶ ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ለብርሃን መለኪያ የምትሆን የአዝራር ያህል ባትሪ ገባች። እሷ ብታልቅም ካሜራው ፎቶ ማንሳቱን አይተውም ነበር። ቀጥሎ መዝጊያው በኤሌክትሮኒክስ መሠራት ጀመረ። ከዚህ በኋላ ባትሪ ካለቀ ፎቶ የለም።

ፎከስም ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ኮኒካ ሲ35 ኤኤፍ የሚባል ካሜራ ገበያ ላይ ዋለ፤ በብዛት ተመርቶ የተሸጠ የመጀመሪያው ራሱ ፎከስ የሚይዝ ካሜራ ነው። ዓይኑን የሠራለት ሃኒዌል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ሚኖልታ ኩባንያ 7000 የተባለውን ሞዴል ይዞ መጣ፤ ሌንሱ የሚቀያየር፣ የፎከስ መለኪያውም ሞተሩም ካሜራው ሆድ ውስጥ ያለ። የባለሙያው ዓለም ከዚያ በኋላ ወደ ድሮው አልተመለሰም። ሃኒዌል «ሐሳቡ የኔ ነው» ብሎ ሚኖልታን ፍርድ ቤት አቆመው፤ ሚኖልታም እ.ኤ.አ. በ1992 127.5 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ፎከስ የፎቶ አንሺው ጥበብ ከመሆን አልፎ ኩባንያዎች በሚሊዮኖች የሚከራከሩበት ንብረት ሆነ ማለት ነው።

ዲጂታሉ ካሜራ ደግሞ ከልደቱ ጀምሮ የባትሪ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮዳክ ውስጥ ስቲቨን ሳሰን የተባለ ወጣት ኢንጂነር የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 16 ኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ነበሩት። ምስሉ 100 በ100 ነጥብ፣ ጥቁርና ነጭ፤ አንዷን ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅ ነበር። ያ ሣጥን ወደ ኪስ የሚገባ ዕቃ የሆነው በብዙ ነገር ነው፤ ከዋነኞቹ አንዱ ግን ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያቀረበው የሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። ለዚህ ባትሪ መሠረት የጣሉ ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የዛሬው ካሜራ እንግዲህ ስክሪኑ፣ ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር፣ ፕሮሰሰሩ፣ የፎከስ ሞተሩ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋው ክፍል፣ ዋይፋዩ ሁሉ ከአንድ ማዕድ የሚበሉ ናቸው። ማዕዱ ባትሪው ነው።

ሁለቱ በሽታዎች እጅ ለእጅ ሲያያዙ

ካሜራ ፎከስ የሚይዝባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። በአንደኛው፣ ካሜራው በሌንሱ ግራና ቀኝ የገባውን ብርሃን ለይቶ ሁለት ምስል ያያል። ሁለቱ ከተገጣጠሙ ፎከስ ተይዟል። ካልተገጣጠሙ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሌንሱ ወደ የት አቅጣጫና ምን ያህል መሄድ እንዳለበት ይናገራል። ስለዚህ ፈጣን ነው።

ሁለተኛው ድሮ ሬዲዮ ጣቢያ እንደምንፈልገው ነው። ትንሽ ያዞራል፣ ይሰማል፣ ጠራ? ይቀጥላል፤ ሲያልፈው መልሶ ይመጣል። ካሜራው የሚሰማው በብርሃንና በጥላ መካከል ያለውን የልዩነት ጥራት ነው። ብርሃን ባነሰበት ወይም ልሙጥ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ነጭ ቬሎ ላይ፣ ልዩነቱ ይጠፋበታል። ያኔ ሌንሱ «ዝዝ... ዝዝ...» እያለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳል።

ያ «ዝዝ» የሚለው ድምፅ ሞተር ነው፤ ሞተር ደግሞ ባትሪ ይበላል። ፎከስ ሲያስቸግር ባትሪ ቶሎ ያልቃል፤ ባትሪው ሲደክም ደግሞ አንዳንድ ካሜራ ላይ ሌንሱ ይንቀራፈፋል። ሰው ሁለት በሽታ ያለው ይመስለዋል እንጂ አንዱ የሌላው ምልክት ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የድሃ ካሜራ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ካነን ለስፖርት ባለሙያዎች ያወጣው ባለ ውድ ዋጋው 1ዲ ማርክ 3 በሞቃትና ብሩህ ቀን የሚሮጥ ሰው ላይ ፎከስ ይስታል ተብሎ ብዙ አነጋገረ። ኩባንያው መርምሮ ውስጥ ያለች ትንሽ መስታወት አሠራር ላይ ችግር አገኘና ጥገና አቀረበ። ፎከሱን ለማሽን ስንሰጥ ስህተቱንም አብረን ሰጥተናል፤ ሲሳሳት ደግሞ በዓይን ብቻ አይታወቅም፤ ፈተና ይፈልጋል።

የጋሼ ካሜራ

ባለፈው የጥር ሰርግ ማግስት ጋሼ ካሜራቸውን ይዘው እኛ ቤት መጡ። መልስ ላይ ሦስት ባትሪ ጨርሰው ኬክ ሲቆረስ ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ነበር። አዳራሹ ውስጥም ሌንሱ ሲመላለስ ቀለበቱ የታሰረባት ቅጽበት አመለጠቻቸው። «ሙሽራ ድገሙልኝ አይባልም» አሉኝ። አብሯቸው የሚሠራው ልጅ «ሞቷል፣ ይሸጥ» ብሏቸዋል። «አንተ ኢንጂነር አይደለህ፣ እስቲ እየው።»

እኔ ካሜራ ጠጋኝ አይደለሁም። የማውቀው ነገር አንድ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር። ሁሉንም ነካክቶ «ተሠራ» ማለት ምኑ እንደሠራው ሳያውቁ መቅረት ነው።

መጀመሪያ ባትሪዎቹን ለየን። ፕላስተር ለጥፈን 1፣ 2፣ 3 ብለን ቁጥር ጻፍን። ሦስቱንም ሞልተን ከካሜራው ውጪ አሳደርናቸው፤ ጠዋት ላይ ሙሉ ነበሩ። ቀጥሎ እያንዳንዱን በየተራ በተዘጋ ካሜራ ውስጥ አሳደርን፤ ያኔም ደህና ናቸው። ስለዚህ ካሜራው ተኝቶ አይበላም። በሥራ ላይ ስንፈትናቸው ግን 3 ቁጥር ከግማሽ በላይ እያሳየ ድንገት ጠፋ። ጠረጴዛ ላይ ስናስቀምጠው ሆዱ ትንሽ አብጦ ይወዛወዛል። ያበጠ ሊቲየም ባትሪ አይሞላም፣ አይበሳም፣ አይጫንም፤ ከሥራ ይወጣል። መርካቶ በርካሽ የተገዛ ነበር። የባትሪ ፐርሰንት ካሜራው የሚያነበው ባትሪው ውስጥ ካለች ቺፕ ነው፤ ቺፗ ከዋሸች ካሜራውም ይዋሻል።

ባትሪ 1ን ይዘን ወደ ፎከሱ ሄድን። መስኮት አጠገብ 100 ፎቶ፣ ከዚያ መጋረጃ ዘግተን ሌላ 100። ብርሃን ላይ ሸጋ ነበር። ጨለማው ላይ ሌንሱ ተመላለሰ፤ ባትሪውም ከመጀመሪያው 100 በግልጽ በለጠ ወረደ። ሌንስ ቀየርን፤ በዚያው ጨለማ ሌላኛው ሌንስ ያለ ችግር ያዘ። እንግዲህ ዋናው ጥርጣሬ ከካሜራው ወደ አንዱ ሌንስ ዞረ። ሌንሱና ካሜራው የሚነጋገሩባቸውን ወርቅማ ነጥቦች ስናይ የዓመታት የእጅ ወዝና አቧራ ተጋግሮባቸዋል። ባትሪውን አውጥተን በንጹሕ ጨርቅ ላይ ትንሽ አልኮል ነክተን ጠረግናቸው፤ ጨርቁ ላይ እንጂ ካሜራው ላይ በቀጥታ ምንም አላፈሰስንም። ፈተናውን ደገምን፤ መመላለሱ በጣም ቀነሰ።

በመጨረሻ ሴቲንጉን አየን። ካሜራው ባይጫኑትም ሁልጊዜ ፎከስ እንዲፈልግ የሚያደርገው አማራጭ በርቷል፤ ዋይፋዩም በርቷል፤ ስክሪኑ ብርሃን ጣሪያ ላይ ነው። አንድ በአንድ እያጠፋን ለካን። ፎከሱንም ካሜራው ከመላው ምስል የፈለገውን ከሚመርጥ፣ ጋሼ ራሳቸው በሚያነጣጥሩት አንድ ነጥብ እንዲሆን አደረግነው። ልዩነት ያለበት ነገር ላይ ያነጣጥራሉ፤ ቬሎው ላይ ሳይሆን ዓይን ወይም የጌጥ ጠርዝ ላይ።

ሞተ የተባለው ካሜራ አልሞተም። ያረጀ ባትሪ፣ የቆሸሸ መገናኛና የበዛ ሴቲንግ ተደራርበው ነው አንድ ትልቅ በሽታ የመሰሉት።

የተሳሳተ ፎከስና ሌላ ብዥታን መለየትም ይጠቅማል። ከሙሽራዋ ኋላ ያለው አበባ ጠርቶ እሷ ከደበዘዘች፣ ፎከሱ ቦታ ስቷል። ምስሉ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ፣ እጅ ተንቀጥቅጧል። እስክስታ የሚመታው ሰው ትከሻ ብቻ ከደበዘዘ፣ መዝጊያው ዘግይቷል እንጂ ፎከስ ደህና ነው። በዓይን ማያው ብዥ ብሎ ፎቶው ከጠራ ደግሞ፣ ከማያው አጠገብ ያለችው የዓይን ማስተካከያ ትንሽ ጎማ ተነክታለች። ሌንሱ ሁልጊዜ ከዓላማው ፊት ወይም ኋላ የሚያርፍ ከሆነ፣ ካሜራውን አቁሞ ያዘነበለ ማስመሪያ ላይ ደጋግሞ ማንሳት ነው፤ የቱ ቁጥር እንደጠራ ማስመሪያው ይናገራል።

ካርቶኑ ላይ ስለሚጻፈው «በአንድ ቻርጅ ይሄን ያህል ፎቶ» ስለሚለው ቁጥርም አንድ ነገር ልበል። ቁጥሩ የሚወጣው ሲፓ የሚባለው የካሜራ አምራቾች ማኅበር ባወጣው መለኪያ ነው። መደበኛ ሙቀት ባለው ክፍል፣ በየ30 ሰከንዱ አንድ ፎቶ፣ ፍላሽ ካለው በየሁለተኛው ፎቶ ፍላሽ እየበራ። የኮልፌ ሰርግ ከጠዋት እስከ ማታ ነው፤ ባትሪውን የሚጨርሰው የፎቶው ብዛት ሳይሆን በርቶ የሚቆይበት ሰዓት ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ካሜራና ካሜራን ለማወዳደር እንጂ ለሰርግ ዕቅድ አይሆንም።

ለምን እንዲህ እንደከነከነኝ

ይሄ ሁሉ ለአንድ ካሜራ ነው ወይ ትሉ ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መብራት በፈረቃ ሲሆን ትዝ ይላችኋል? የግድቦች ውሃ አንሶ ነበር። ያኔ ጋሼ ባትሪያቸውን ይዘው ፈረቃው ከኛ ወደሚለይ ዘመድ ቤት ይሄዱ ነበር። ለዜኒቱ ፀሐይ ትበቃው ነበር፤ ለዲጂታሉ ግን ከግድብ እስከ ግድግዳ ሶኬት ያለው መስመር ሁሉ መሥራት አለበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። አዲስ ካሜራ ለመግዛት ያሰበ የሰፈር ፎቶ አንሺ ሐሳቡን አጠፈ። «ይሸጥ፣ ሌላ ይገዛ» የሚለው ምክር ከዚያ በኋላ ምክር አይደለም። ያለውን መርምሮ ማቆየት የእንጀራ ጉዳይ ሆኗል።

ከእንጀራውም ባሻገር ሌላ ነገር አለ። ካሜሮን የዓለማየሁን ፎከስ ስትወስን፣ ቦያጂያን ጨርቁ ሥር ሲጎነበስ፣ ልቅም ያለ ዕውቀት እጃቸውና ዓይናቸው ላይ ነበር። ያ ዕውቀት ወደ ሞተርና ኮድ ሲገባ ከፎቶ አንሺው እጅ ወጣ፤ ሲበላሽ «አልይዝ አለ» ከማለት ሌላ ቃል አልቀረለትም። እኔ ኮዱን የሚጽፉት ወገን ነኝና ይሄ ይከነክነኛል። መሣሪያው ምን እየሠራ እንደሆነ ለባለቤቱ መናገር ነበረበት። እስኪናገር ድረስ ግን በፕላስተርና በማስመሪያ ልናናግረው እንችላለን።

ጋሼ አሁን አንድ ትንሽ ደብተር ይዘዋል። ባትሪ 1፣ ባትሪ 2፣ አዲሱ 4፤ የተሞላበት ሰዓት፣ ያለቀበት ሰዓት፣ የየትኛው ሰርግ። የሚሠራው ልጅ መጀመሪያ ሳቀባቸው። ባለፈው ቅዳሜ ቤተል አንድ ቅልቅል ላይ ግን ራሱ እየጻፈ አገኘሁት።